መርከቧ ትሄዳለች ወይ?

ከተማ አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ባለበት አገር ሁሉ፣ በወንዙ ላይ ራት የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ፓሪስ በሴን፣ ለንደን በቴምዝ፣ ቡዳፔስት በዳኑብ፣ ባንኮክ በቻኦ ፕራያ ላይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በመብራት ያሸበረቀች መርከብ ትነሳለች፤ ዓይንና ሆድ በአንድ ትኬት ይሳፈራሉ። አዲስ አበባ ከዚህ ንግድ የተረፈችው ነዋሪዋ ቆጣቢ ስለሆነ አይደለም። ቀበናን በበጋ ያየ ሰው መርከብ ቀርቶ የወረቀት ጀልባ እንደማያስኬድ ያውቃል፤ በክረምት ያየው ደግሞ የሚመኘው ራት ሳይሆን መሻገሪያ ነው።

ካይሮ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ወንዙ ዓባይ ነውና። "ራት በናይል ላይ፤ ሙዚቃና ዳንስ" የሚለውን ማስታወቂያ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ያነበበ ጀርመናዊ ወይም ጃፓናዊ ራሱን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ኢትዮጵያዊ ሲያነበው ግን መጀመሪያ ግንባሩን ይቋጥራል። ለገዛ ወንዙ መግቢያ ሊከፍል ነው!

በሥራ ጉዳይ የሄድነው ሦስት ሰዎች ነበርን። አንደኛው የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሹም ናቸው። ሠራተኛው እሳቸው በሌሉበት "ጋሼ ደረሰኝ" ይላቸዋል፤ ያለ ደረሰኝ ውሃ እንኳ አይጠጡም ይባላል። ሁለተኛዋ የባሕር ዳር ልጅ የሆነች ወጣት አስተባባሪያችን ናት፤ ጾም አትገድፍም፣ ጭፈራም አያመልጣትም። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የእኔ ድርሻ ሁለቱ ሲከራከሩ ሻይ ማዘዝ ነበር።

"ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እዚህ እንሂድ" አለች አስተባባሪያችን፣ ማስታወቂያውን በጣቷ እያሳየች።

ጋሼ ደረሰኝ መነጽራቸውን አድርገው ዋጋውን አነበቡ። በዶላር ነው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ምግብ ነው ወይስ ትራንስፖርት?"

"ሁለቱም ነው ጋሼ።"

"ትራንስፖርት አይደለም። መነሻውና መድረሻው አንድ የሆነ ጉዞ በየትኛውም መመሪያ ትራንስፖርት አይባልም። ምግብ ነው ካልሽኝ ደግሞ፣ ማዶ ያለው ቤት ኩሸሪ በስንት እንደሚሸጥ አይተናል።"

ኩሸሪ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽምብራና መኮሮኒ በአንድ ሳህን ተገናኝተው የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት የሚነሰነስባቸው የካይሮ ምግብ ነው። ይረክሳል፣ ያጠግባል፣ የጾምም ነው። ጋሼ ደረሰኝ ካይሮ ከገቡ ጀምሮ ሌላ ምግብ አልቀመሱም፤ ውሎ አበላቸው ሳይሸራረፍ አዲስ አበባ እንዲገባ ይፈልጋሉ።

"አንቺ ደግሞ" ብለው ቀጠሉ፣ "ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየሽ አድገሽ፣ እዚህ መጥተሽ በዶላር ልታዪው ነው?"

"ጣና ላይ ጀልባ የምንሳፈረው እኮ ገዳም ለመሳለም ነው። ግማሹ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ ግማሹ ጉማሬ ብቅ ባለ ቁጥር ያማትባል። አንድ ቀን እንኳ ዓባይ ላይ ያለ ስለት ልሳፈር እንጂ!"

በዚህ ጊዜ የጋሼ ደረሰኝ ዓይን በራ። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የማባዣ ሠንጠረዥ የጠፋበት ሰው እንኳ ይቺ ቁጥር አትጠፋበትም። ወደ እንግዳ ተቀባዩ ጠጋ ብለው በእንግሊዝኛ አስረዱት። ውሃው 85 ከመቶ የእኛ ከሆነ፣ የምንከፍለው 15 ከመቶ ብቻ ሊሆን ይገባል። ልጁ እስኪበቃው ሳቀና "ኡስታዝ፣ ውሃው በነፃ ነው፤ የምናስከፍለው ለመርከቡ ነው" አላቸው። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

ሙግቱ መቋጫ ሲያጣ ካይሮ ለብዙ ዓመት የኖረ ያገራችን ሰው ጋ ደወልን። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ዋጋ አልነበረም።

"መርከቧ ትሄዳለች ወይ?"

ቀልድ መስሎን ሳቅን። የምሩን ኖሯል። በዛማሌክና በጊዛ ዳርቻ ከተደረደሩት መርከቦች ብዙዎቹ ከምግብ ቤት በቀር ሌላ አይደሉም። ከሩቅ ሲያዩአቸው አሁን ሊነሱ የደረሱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከዳር ታስረው የሚውሉ፣ ታስረው የሚያድሩ ናቸው። ወዳጃችን እንዳለው፣ ጥግብ ብሎ በልቶ ሒሳቡን ከፍሎ ሲያበቃ "መቼ ነው የምንነሳው?" ብሎ የጠየቀ እንግዳ በዓይኑ አይቷል።

"ቀጥሎ ዋጋው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ" አለ። "ምግብ ቤት ውስጥ 12 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ 14 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ተደምሯል ወይስ ገና ነው? መጠጡስ? ማመላለሻውስ? ደግሞም የት እንደሚያስቀምጧችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ወይ ኩሽናው በር ላይ ነው፣ ወይ ድምፅ ማጉያው ሥር። ትኬቱን ደግሞ ከሆቴሉ አትግዙ። ወደቡ ድረስ ሂዱ። በመሃል ያለ እጅ ሁሉ ድርሻውን ሳይቆርጥ አያሳልፍም።"

ጋሼ ደረሰኝ ታክሱን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። "የእኛ 15 ነው፤ እዚህ ላይ 1 ከመቶ አተረፍን" አሉ። ያቺ 12 ከመቶ ትዝ ስትላቸው ፈገግታው ወደመጣበት ተመለሰ።

"ሌላ መላ የለውም?" አሉ።

አለው። አንደኛው የወንዝ አውቶቡስ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ሕንፃ ካለበት ከማስፔሮ አካባቢ ይነሳል፣ ሒሳቡም የአውቶቡስ ነው። ጋሼ ደረሰኝ ወደዱት። አስተባባሪያችን ግን "አንበሳ አውቶቡስ ለመሳፈር ካይሮ ድረስ አልመጣሁም" ብላ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

ሁለተኛው ፈሉካ ነው። ፈሉካ ሸራ የምትወጥር የጥንት ጀልባ ናት፤ የምትከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ነው። እዚህ አገር ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ባለ ጀልባው ሸራውን ሲወጥር ንፋሱ ወደ እኛ አገር አቅጣጫ ይገፋችኋል፤ ሸራውን ሲያጥፍ ወንዙ ራሱ ወደተነሳችሁበት ይመልሳችኋል። ይህ ነገር የቆየ ነው። የጥንት ግብፃውያን በሥዕል ጽሕፈታቸው ወደ ደቡብ መሄድን ሲጽፉ ሸራዋን የዘረጋች ጀልባ፣ ወደ ሰሜን መሄድን ሲጽፉ ሸራዋን ያወረደች ጀልባ ይስሉ ነበር።

"ነዳጅ የለውም ማለት ነው?" አሉ ጋሼ ደረሰኝ።

"የለውም።"

"ታዲያ የሚያስከፍሉት ለምኑ ነው?"

ፈሉካ በዚህ ወደቀ። በመጨረሻ ያሸነፈችው አስተባባሪያችን ናት። ያሸነፈችው በማስረጃ አይደለም፤ ስብሰባ የለመደ ሁሉ እንደሚያውቀው ሌላው ሲደክመው ያልደከመው ይረታል። ወደቡ ድረስ ሄደን ትኬቱን በግብፅ ፓውንድ ቆረጥን። ጋሼ ደረሰኝ ትኬት ሻጩን "ትንቀሳቀሳለች?" ብለው ጠየቁ፤ ትንቀሳቀሳለች አላቸው። የበረኛውን ቃልም ተቀበሉ። ገመዱ ሲፈታ በዓይናቸው እስኪያዩ ድረስ ግን አልተቀመጡም።

መግቢያው ላይ ፎቶ አንሺ ቆሟል። ፈቃድ ሳይጠይቅ ብልጭ ያደርግባችኋል፤ ስትወርዱ ፎቶው ታትሞ፣ ዋጋው ተለጥፎበት ይጠብቃችኋል። ጋሼ ደረሰኝ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለፉ። ፎቶው ላይ የወጣው ባርኔጣው ብቻ ስለሆነ ሊሸጥላቸው የደፈረ አልተገኘም።

መርከቧ ከዳር ተላቀቀች። በዚያችው ቅጽበት ቡፌው ተከፈተ። ስለ ራት መርከብ ያለኝ ሐሳብ በሙሉ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሳህን ይዞ ተሰለፈ፤ ካይሮም በመስኮቱ ማለፍ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1961 ተሠርቶ ያለቀው፣ በሎተስ አበባ አምሳል የቆመው ባለ 187 ሜትሩ የካይሮ ግንብ ሲያልፍ እኔ ገና ሰላጣው ጋ ነበርኩ። አራት የነሐስ አንበሶች ዳርና ዳሩን የሚጠብቁለት የቃስር ኤል ኒል ድልድይ ሲደርስ ተራዬ ሩዝ ጋ ደርሷል። አንበሶቹን ልይ ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ ያለው ሰው ወደ ሥጋው ሊቀድመኝ አንድ እግሩን አስቀደመ። ፊቴን ወደ ትሪው መለስኩ። አንበሳ አገር ቤትም ሞልቷል፤ ሥጋው ግን ያልቃል።

ሳህናችንን ሞልተን ስንመለስ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። በጋሼ ደረሰኝ ጥያቄ ብዛት መስኮት ዳር አግኝተናል። ይሁን እንጂ ውስጡ በመብራት ደምቋል፣ ውጭው ጨልሟል፤ እንዲህ ሲሆን መስኮት ዞሮ መስታወት ይሆናል። ናይልን ላይ ብዬ ብዞር ጉንጩ የተወጠረ አንድ ሰው አፍጥጦ ያየኛል፤ እኔው ነኝ። ሰው ሲበላ ማየት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው፣ ከፍዬ የገባሁበት ትዕይንት የገዛ ጉርሻዬ ሆኖ አረፈው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። አስተባባሪያችን ሰላጣ ብቻ ይዛ ተቀምጣ አንዱን አስተናጋጅ ጠራችና "ሲያሚ አለ?" አለችው። ግብፆች የጾም ምግብን የሚጠሩት እንዲህ መሆኑን ከኩሸሪ ቤቱ ተምራ ነበር። ልጁ ትክ ብሎ አያትና የቀኝ እጁን እጅጌ ከፍ አደረገ፤ የእጁ አንጓ ላይ እንደ ብዙዎቹ ቅብጦች ሁሉ ትንሽ መስቀል ተነቅሷል። ረቡዕና ዓርብ እነሱም ይጾማሉ። ወደ ቡፌው ወስዶ ቅቤ የነካውንና ያልነካውን እየለየ አሳያት፤ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ በሰሊጥ የተመታ የደብርጃን ጥብስ፣ ፉል። ስለ ውሃው ሁለቱ መንግሥታት በአሜሪካም፣ በአፍሪካ ኅብረትም አደራዳሪነት ለዓመታት ተቀምጠዋል። ስለ ጾሙ ግን ሦስተኛ ወገን ሳያስፈልግ በደቂቃ ውስጥ ሙሉ ስምምነት ላይ ተደረሰ።

ከዚያ መድረኩ ሞቀ። በመጀመሪያ የመጣው የታኑራ ተወዛዋዥ ነው፤ ቀለመ ብዙ ሰፊ ቀሚስ ለብሶ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። እኛን አዞረን፣ እሱን አላዞረውም። ጋሼ ደረሰኝ እንኳ ሹካቸውን አስቀመጡ። ቀጥሎ የሆድ ውዝዋዜ መጣ። ዳንሰኛዋ በየጠረጴዛው እየዞረች እንግዳ ታስነሳለች፤ የእኛ ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ጋሼ ደረሰኝ የምግብ ዝርዝሩን እንደ በጀት ሰነድ ማንበብ ጀመሩ። አስተባባሪያችን ግን ሳትለመን ተነሳች። እነሱ ያላቸውን ሁሉ ከወገብ በታች አስቀምጠውታል፤ የእኛ ያለው ከአንገት በታች፣ ትከሻ ላይ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ኦርጋን ተጫዋቹ ምን እንደሚመታ ግራ ገብቶት ቆየና እስክስታውን ተከተለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ግንዱን ትቶ ዳንሰኛ ይዞ ይዞራል።

በዚህ ግርግር መካከል ደረጃውን ወጥቼ ከላይ ወዳለው ክፍት ሰገነት ሄድኩ። ወንዙ ለካ እዚያ ኖሯል! ንፋሱ፣ ከማዶ መንገድ ዳር የሚንሸራሸረው ሕዝብ፣ ዘፈናቸውን ለቀው የሚያልፉት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች፣ የድልድዩ መብራት ውሃው ላይ ሲጥመዘመዝ፤ ሁሉም ሰገነቱ ላይ ነው። ከጢስ እሳት ዘሎ የወረደው፣ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር የተቀላቀለው ውሃ እዚህ ሲደርስ ጡረታ እንደወጣ ሹም ረጋ ብሎ ይሄዳል። ሰገነቱ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ሲጋራ የሚያጨሱ ሁለት አስተናጋጆች ናቸው። በዚያች መርከብ ላይ ወንዙን በወጉ ያዩት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ይከፈላቸዋል እንጂ አይከፍሉም።

ስመለስ ጠረጴዛችን ላይ ሒሳብ መጥቷል። ራቱ ተከፍሏል፣ ሙዚቃው ተከፍሏል፣ ታክሱም ተከፍሏል። የቀረው የጠጣነው የታሸገ ውሃ ነው፤ መጠጥ በትኬቱ ውስጥ አልተካተተም። ጋሼ ደረሰኝ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ በመርከቧ ሥር የሚያልፈውን አዩ። ተመልሰው ወረቀቱን አዩ።

"ልጁ ውሃው በነፃ ነው ብሎ አልነበረም?"

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ያሉት አባቶች የነገሩን ጥማቱን ነው። ዋጋውን አልነገሩንም። ጋሼ ደረሰኝ ከፈሉ፤ ጉርሻም ጨመሩ፤ ከዚያ አስተናጋጁን ጠርተው የሚጠበቅባቸውን አደረጉ። ለውሃዋ ብቻዋን ደረሰኝ አስቆረጡ።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ? መልሱ የሄዳችሁበትን ነገር ይከተላል። የሄዳችሁት ለጨዋታ ከሆነ ያዋጣል። ደረጃ መውጣት፣ ብዙ መራመድ የማይችሉ እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ፣ ልጆች ካሉ፣ የልደት ወይም የምርቃት ቀን ከሆነ፣ ቁጭ ብላችሁ ምግቡም ዘፈኑም ከተማውም ወደ እናንተ ይመጣል፤ በዚያ ዋጋ ይህን ሁሉ በየብስ ለየብቻው ማግኘት ይከብዳል። የሄዳችሁት ለምግቡ ከሆነ ግን በየብስ ብሉ። ለብዙ መቶ ሰው በአንዴ የተሠራ ሩዝ ውሃ ላይ ስለተንሳፈፈ አይጣፍጥም። የሄዳችሁት ለወንዙ ከሆነ ደግሞ ራትና ወንዝ በአንድ ትኬት ሲሸጡ አንዱ ሌላውን እንደሚበላው እወቁ፤ በላተኛውም ሁልጊዜ ራቱ ነው። ለይታችሁ ግዙ። ጀምበር ስትጠልቅ ፈሉካ ተከራዩ፣ ከዚያ ወርዳችሁ ኩሸሪ ብሉ። መርከቡ ካልቀረላችሁም ቡፌው ሲከፈት አትነሱ፤ ሰልፉ እስኪያልቅ ሰገነት ላይ ቆዩ። ሩዙ ይጠብቃችኋል፣ ድልድዩ ግን አይጠብቅም።

ወንዙን የምር ለማወቅ የፈለገ ሰው ደግሞ ከዚያችው ከተማ ሳይወጣ ሮዳ ደሴት ይሂድ። በማግስቱ ጋሼ ደረሰኝን ይዘናቸው ሄድን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የናይል መለኪያ አለ፤ ጥልቅ ጉድጓድ መካከል የቆመ፣ በክንድ በክንድ ምልክት የተደረገበት ምሰሶ ነው። በየዓመቱ ሙላቱ ሲመጣ ውሃው ምሰሶው ላይ የት እንደደረሰ ይታይ ነበር፤ 16 ክንድ ከሞላ ጥጋብ ነው፣ ካነሰ ችግር ነው፣ ግብሩም የሚተመነው በዚሁ ነበር። ሙላቱን የሚያመጣው ደግሞ የእኛ ክረምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ታላቁ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ሙላቱ ካይሮ መድረሱን ተወ፤ ደለሉም ከግድቡ ኋላ ቀረ።

ጋሼ ደረሰኝ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ወንዝን በዚህ ዓይን የሚያይ ሰው ከሺህ ዓመት በፊት መኖሩ ደስ ብሏቸዋል።

"ጎጃም ላይ ሲዘንብ እዚህ ግብር ይጨመር ነበር ማለት ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ለእኛስ ምን ይደርሰን ነበር?"

"ምንም። አፈራችንም አብሮ ይሄድ ነበር።"

ማስታወሻቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ። አሻግሬ ሳየው "ተሰብሳቢ ሒሳብ" ይላል።

አዲስ አበባ ገብተን የጉዞውን ወጪ ስናወራርድ የመርከቡን ትኬት ከየኪሳችን መሸፈናችን አላነጋገረም። የውሃዋ ደረሰኝ ግን ጋሼ ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማኅተሙ አጠገብ ሳትነሳ ከረመች።

"ጋሼ፣ እሷ እንኳ ትወራረድ እንጂ፤ ደረሰኝ አላት እኮ" አልኳቸው።

"አላት። ግን በየትኛው መደብ ልመዝግባት? የውጭ ግዥ ብዬ እንዳልጽፋት የአገር ውስጥ ምርት ናት፤ የአገር ውስጥ ግዥ እንዳልላት ደረሰኟ በዓረብኛ ነው።"